ከቁልሉ ሥር የሚቆመው ሰው

እኔ ቂም አልረሳም፤ ይህን ስናገርም አላፍርም። እናቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ስንት ጊዜ መክራኛለች። ጸሎቱን ቀነስኩላት እንጂ ቂሙን አልተውኩላትም።

ቂሜ በአንድ ሰው ላይ ነው። መካነ ሰላም ከተማ ዳር ባለው የእህልና የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊ ነበር። እኔ እዚያው ቁልፍ ያዥ ነኝ፤ ወንድሜ ደግሞ ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ወንድሜን ከእናቴ ጋር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አድጎ ቁመቱ በሩን ሞላ፤ ኩንታል በትከሻው ይዞ ቆሞ ወሬ ያወራል። እኮራበት ነበር።

መጋዘን ገብቶ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ጆንያ ሲደረደር እንደ ጡብ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ሲነሣ ደግሞ ከላይ ይጀመራል። ችግሩ፣ ከሥር ያለው እህል ቀድሞ የገባው ነው፤ ነቀዝም የሚጀምረው ከእሱ ነውና ቀድሞ መውጣት አለበት። ላዩን አውርዶ፣ ሥሩን አውጥቶ፣ መልሶ መደርደር ግማሽ ቀን ይፈጃል። የኛ አገር ጉልበተኞች ታዲያ ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ምዘዛ ይሉታል። አንዱ ቁልሉን በጀርባው ደገፍ ያደርጋል፣ ሌላው የታችኛውን ጆንያ በሁለት ጆሮው ይዞ መዝዞ ያወጣዋል። ቁልሉ ትንሽ ያቃስትና ቁጭ ይላል። መዛዥ መባል ማዕረግ ነበር። ጎረምሳ ሚስት ሲጠየቅለት እንኳ «ልጁ ከሥር መዛዥ ነው» ይባልለታል። ወንድሜ መዛዥ ነበር።

በዚያ ቀን ግን እምቢ አለ። ወደ ከላላ የሚሄድ መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ጆንያ ዳሰሰና «ሥሩ እርጥብ ነው፤ ከላይ እናውርድ» አለ። ኃላፊው እጁን ኪሱ ከትቶ በር ላይ ቆሟል። «ወንድ አይደለህም እንዴ? ምዘዘውና መኪናው ይሂድ!» አለው። እኔ ከጎኑ ነበርኩ፤ በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ሰው ፊት ወንድነቱ ሲነሣበት ጊዜ መዘዘው። ቁልሉ የዚያን ቀን አላቃሰተም። ዝም ብሎ መጣበት።

ጓደኞቹ ጆንያውን እየወረወሩ አወጡት። ወደ ደሴ ስንወስደው አቀስታ እስክንደርስ ድረስ ጭንቅላቱን ታቅፌ፣ «እቴ፣ እግሬ አለ?» ይለኛል፤ «አለ» እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጠይቀኛል። እግሩ እውነትም አለ፤ ግን አይታጠፍም። ኩንታል ተሸክሞ ይቀልድ የነበረው ልጅ ዛሬ በከዘራ እየተደገፈ መጥቶ መጋዘኑ በር ላይ ይቀመጥና የተቀደደ ጆንያ በወስፌ ይሰፋል።

እሱንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ጉዳዩን ለማጣራት ሰዎች ሲመጡ ኃላፊው ፊታቸው ቆሞ፣ «ማንም አላዘዘውም፤ ጉልበቱን ሊያሳይ ብሎ ነው» አላቸው። እኔ እዚያው ቆሜ! «ምዘዘው ብሏል» ብዬ ጮኽኩ፤ እህቱ ናት፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን ሰው አንቱ ብዬው አላውቅም። እርጅናውንም ሹመቱንም ነጠቅሁት። ሌት ተቀን የምመኝለት ነገር ብዙ ነበር፤ አንዱም ለቄስ የሚነገር አይደለም።

ከአደጋው በኋላ ከበላይ አንድ ትእዛዝ ወረደ። በየመጋዘኑ ሠራተኛው ሳይጎዳ መሥራቱን የሚከታተል፣ የሚመክርና የሚያበረታታ አንድ ሰው ይመደብ ተባለ። ሥራውን የፈለገው ሰው አልነበረም። ኃላፊው ለእኔ ሰጠኝ፤ ሥራ ሲበዛባት ትበርዳለች ብሎ ይሆናል። ቢጫ ሰደርያና ፊሽካ ተሰጠኝ። ለቂመኛ ሰው ፊሽካ የሰጠ ምን እንደሰጠ አላወቀም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ኃላፊው ሽማግሌ ላከ። የኛ ሽማግሌዎች እንደምታውቁት አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ አንድ የአገር ሰው ናቸው። ቤታችን ደጅ ተሰበሰቡ፤ ኃላፊውም እንደ ደንቡ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። አባት በሌለበት ቤት ታላቅ እኔ ነኝና ድንጋዩን ከትከሻው የማወርደው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር የምለውም እኔ ነኝ። ወንድሜ እንደሁ ገና ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ፣ «እኔ ምሬያለሁ፤ ተዪው እቴ» ብሎ ጨርሷል። እሱ እንዲህ ነው፤ ለማንም ቶሎ ይበርድለታል።

እኔ ድንጋዩን አየሁት። የጉልቻ ታህል ነበር። መርጦ ነው ያመጣት፤ ከመንገድ ዳር ሲያነሣት፣ ስትከብደው ሲጥል፣ ደግሞ ሌላ ሲያነሣ ታየኝ።

«ልጄ፣ አውርጂለት እንጂ፤ ሰው እንደተሸከመ አይቆይም» አሉ የአገሩ ሽማግሌ።

«አባቴ፣ ይቺ ስንት ኪሎ ትሆናለች?»

«ምኗ?»

«ድንጋይቱ። ወንድሜ ላይ የወደቀው ኩንታል በኩንታል ነው። ይቺ እኮ ለበር ማስደገፊያም አትሆነኝ።»

ሼሁ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ኧረ በአላህ ይሁንብሽ ልጄ! ዕርቅ ላይ ሚዛን ይወጣል እንዴ?» አሉኝ።

«ጥፋት ካለብኝ ይቅር በይኝ» አለ ኃላፊው ከድንጋዩ ሥር።

«ካለብኝ?» አልኩት። «ምዘዘው ብለሃል ወይስ አላልክም? እዚህ ሽማግሌ ፊት ተናገራት።»

እናቴ ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ፤ አንተ ማለቴ አሳፍሯት ነው። ላብ በሰውየው አንገት ይወርዳል። ድንጋይቱም ትንሽ ብትሆን ቆይታ መክበዷ አልቀረም። በመጨረሻ፣ «ብያለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ሐሳቡ መጣልኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ግን ሲመጣ ሙሉውን ነው የመጣው።

«ካሳ አልፈልግም፤ በሬም አልፈልግም» አልኩ። «አንድ ነገር ይማልልኝ። ሁልጊዜ ጠዋት መጋዘን ሲከፈት፣ አንድ ተሸካሚ ሳይገባ፣ እሱ ብቻውን ይገባል። እያንዳንዱ ቁልል ሥር ይቆማል። እኔ ፊሽካ ስነፋ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ካልነፋሁ አይንቀሳቀስም። ይህን ከማለ ድንጋዩን አወርድለታለሁ። ይቅር የምለው ግን ልቤ ሲል ነው።»

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ተመካከሩ። መጋዘን ገብተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ነገሩ ቀለለባቸው። «ይቺማ ምን አላት? የገዛ ቤቱን ገብቶ ማየት አይደል?» አሉ። ደስ ብሏቸው አስማሉት፤ እኔም ድንጋይቱን አወረድኩለት። የኃላፊውን ፊት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አመድ መስሏል። እሱ መጋዘኑን ያውቀዋላ።

የመጀመሪያው ጠዋት ውርጭ ነበር። ተሸካሚዎቹ ጋቢ ተከናንበው በር ላይ ተኮለኮሉ፣ ወንድሜም ወስፌውን ይዞ ተቀመጠ። ከፈትኩ። ኃላፊው ቆቡን አወለቀ፣ አማተበ፣ ገባ። የመጀመሪያው ቁልል ስንዴ ነው፤ በጥድፊያ የተደረደረ ስለሆነ ሆዱ ወደ ውጭ ወጥቷል። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ሥሩ ቆመ፤ አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገባ። ፊሽካዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ጣሪያው ላይ የነበረች ድንቢጥ ብር ስትል ሰውየው ዘሎ ሊወጣ ነበር፤ መሐላው ትዝ አለውና ባለበት ተንቀጠቀጠ። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ጠዋት አይቼ አላውቅም። ቁርስ ሳልበላ ጠግቤ ዋልኩ።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። አንዳንድ ቀን ቶሎ እነፋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሰው ሰላም ብዬ፣ ወሬ ጠይቄ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ነው የምነፋው። ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ኋላ ግን ካቦአቸው፣ «እህቴ፣ አንቺን ጠላት ማድረግስ አይጣል ነው» አለኝ። እንደ ምርቃት ተቀበልኩት።

ሰው ግን ፍርሃት ሲበዛበት ብልህ ይሆናል፤ ይህን አላሰብኩትም። ኃላፊው ከሰዓት በኋላ ከቢሮው እየወጣ ድርደራ ላይ መቆም ጀመረ። ድሮ ሻይ ቤት የሚውል ሰው! «እናንተ ሰዎች፣ ነገ እዚህ የምቆመው እኔ ነኝ!» እያለ ይጮኻል። ተንበርክኮ ወለሉን ይዳስሳል። ጆንያው መሬት እንዳይነካ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ አስገባ፤ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም መስመር አስምሮ ከዚህ በላይ እንዳይደረደር ከለከለ። ከዚህ ሁሉ የበለጠው ግን፣ በተለያየ ጊዜ የገባውን እህል ለየብቻ በትንንሽ ቁልል ማስደርደሩ ነው። የቆየው ከላይ ጀምሮ ሙሉውን ይወጣል፤ የሚመዘዝ ነገር የለም።

እኔም በበኩሌ ተሸካሚዎቹን ያዝኳቸው። የለመደባቸው ነውና አልፎ አልፎ ሊመዝዙ ሲሉ ፊሽካ እነፋለሁ። «እታለም፣ ፊሽካሽን ለኳስ ዳኛ ስጪው» ይሉኛል። ቁጣ እንዳልሠራ ሳይ ሌላ ዘዴ አመጣሁ። መምዘዝ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከወንድሜ ጎን ይቀመጥና አንድ ጆንያ ሰፍቶ ይጨርስ፤ ከዚያ ይመዝዝ አልኩ። ወንድሜ እያጫወተ ያሰፋዋል፤ በመሀል ያ እግሩ ተዘርግቷል። ጆንያ ሰፍቶ ጨርሶ ወደ ምዘዛ የተመለሰ ሰው አላየሁም። በደንብ የደረደረውን ደግሞ ሰው ፊት ስሙን እየጠራሁ አሞግሰው ጀመር። ውሎ አድሮ መዛዥ ስድብ ሆነ፤ የሚወደሰው ደርዳሪ ሆነ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ቁልሉ በተስተካከለ ቁጥር የሰውየው አንገት ከትከሻው እየወጣ መጣ። ደረቱን ነፍቶ መቆም ጀመረ። አንድ ቀን ሥሩ ቆሞ ሲያፏጭ ሰማሁት! ከአቀስታና ከከላላ የመጋዘን ሰዎች አሠራራችንን ሊያዩ መጡ፤ እሱ እየዞረ ያስጎበኛል፣ እኔ ቁልፍ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ስብሰባ ላይ አስነሥተው አጨበጨቡለት። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ቀበርኩ። በቀሌ እጄ ላይ ተበላሸ።

የባሰው ደግሞ በክረምት መጣ። ማዳበሪያ ገብቶ ነበር። ሌሊቱን ጣሪያው አፍስሶ የአንዱ ቁልል ሥር ርሶ አደረ። ጠዋት ኃላፊው ገብቶ፣ ዳሰሰና ወጣ። «እዚህ አልቆምም» አለ። በር ላይ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ገበሬው ዘር ሊያልፍበት ነው፤ የኃላፊው የበላይ አለቃ በስልክ ይጮኻል፤ ድምፁ ለኛም ይሰማል። ኃላፊው ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ያዘና፣ «ጌታዬ፣ እኔ ያልቆምኩበት ሥር ሰው አይቆምም። ከፈለጉ ይምጡና እርስዎ ይቁሙ» አለ። ከዚያ ዘጋው።

እኔ መሐላውን አፍርሷል ብዬ ፊሽካዬን አንሥቼ ነበር። ከሰዓት ላይ፣ ሁላችንም ደጅ ቆመን፣ ያ ቁልል ተናደ። መሬቱ ጮኸ፤ ነጭ አቧራ በበሩ ወጣ። ሥሩ ሰው አልነበረም። ተሸካሚዎቹ ኃላፊውን አንሥተው ተሸከሙት። ወንድሜ በከዘራው ተነሥቶ፣ እያነከሰ ሄዶ ትከሻውን ሳመው። የኔ ወንድም! ወደ ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ፤ በደስታ ያለቀስኩ የመሰላቸው አሉ፤ በንዴት ነው። ይህን ቃል የወንድሜ እግር ሳይሰበር በፊት ቢለው ኖሮ ምን ነበረበት?

«አሁንስ?» አለችኝ እናቴ ማታ።

«አሁንም» አልኳት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ተኛች።

ሦስተኛው ክረምት ሲወጣ ሰውየው ጡረታ ደረሰው። ሊሄድ ሲል ቤታችን መጣ። ሽማግሌ አልያዘም፤ ብቻውን ነው። በትከሻው ድንጋይ ተሸክሟል፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ሰው የሚያነሣው ዓይነት ጥቁር ድንጋይ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣው አላውቅም። ዕድሜውንም ረሳው መሰለኝ።

«ይሄኛውን መዝኚው» አለኝ።

አየሁት። ቆየሁ። እንደ ፊሽካው አስቆየሁት። ይቅር ለእግዚአብሔር የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ «ጉልበቱን ሊያሳይ ብሎ ነው» ያላት ቃል መጣችና ቀደመችው። «እዚያ አስቀምጠው» አልኩት። አስቀመጠው፣ ወገቡን ይዞ ቀና አለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። የሰጠሁት ነገር የለም። ድንጋዩ አሁንም ደጃችን ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ተቀምጬበት ጫማዬን አስራለሁ።

በሱ ቦታ አንድ ወጣት ተሾመ። የተማረ፣ ሰላምተኛ፣ ልብሱ የተተኮሰ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ቀን በሩን ከፍቼ ቆምኩ። «ግባ» አልኩት።

«ምን ልሥራ?»

«ትቆማለህ። ከዚያ ሰዎቹ ይገባሉ።»

ነገሩን ስነግረው ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ሰው የማያውቀው ነገር ያስቀዋል። «እህቴ፣ ይሄ መመሪያ ላይ የለም» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። መሐላ የለበትም፣ ቂምም የለኝበትም፤ በምን ላስገድደው? ተሸካሚዎቹን «ግቡ» አልኳቸው። አንድም እግር አልተነሣም። ሰው ሳይቆምበት መግባት ትተዋል። በር ላይ ቆመው እኔን ያያሉ።

ፊሽካውን ለወንድሜ ሰጠሁትና ገባሁ።

ሁልጊዜ የማየው ቦታ ነው፤ ከበር ሆኜ ነዋ። የስንዴው ቁልል ሥር ቆሜ ቀና ስል ጣሪያው ራቀ፣ ጆንያው ቀረበ። አንገቴ ሳላዝዘው ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ለካ እንዲህ ነው! ያ ሰው መጀመሪያ ሰሞን በየጠዋቱ እንዲህ ነበር የሚሆነው፤ እኔ ነጠላዬን ሳስተካክል፣ እኔ ሰው ሰላም ስል። ደስ አለኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ደስ አለኝ። ደግ አደረግሁ አልኩ።

ከዚያ ቁልሉን ልብ ብዬ አየሁት። ሰውየው ከመሄዱ በፊት ያስደረደረው የመጨረሻው ነው። እያንዳንዱ ጆንያ የታችኛውን ነክሶ ይዟል፤ አንድ ጆሮ ወደ ውጭ አልወጣም፤ ከቀዩ መስመር በታች ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ስመለከት የጉልበቴ መንቀጥቀጥ ቆመ። እኔ አቁም አላልኩትም። ገላዬ እኔን ሳያማክር ያንን ሰው አመነው። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

«ንፋው እንጂ!» አልኩት ወንድሜን።

ፊሽካውን ከአፉ አወጣው። «ይወድቃል ብለሽ ነው?»

«አይወድቅም።»

«እንዴት አወቅሽ? ማን ደረደረው?»

ተሸካሚዎቹ ወደ በሩ ተጠጉ። መልሱን ሁሉም ያውቁታል፤ ከኔ አፍ ሊሰሙት ነው። ወንድሜ ያን እግሩን ዘርግቶ፣ ፊሽካውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። አልመለስኩለትም። እሱም አልነፋም። በዚያ ሰው ቁልል ሥር፣ «እሱ ነው የደረደረው» ለማለት እምቢ እንዳልኩ፣ ወንድሜ እስኪሰለቸው ድረስ ቆምኩ።